ማጋያኔስ፦ ስለ ቺሊ ደቡባዊ ጫፍ ክልል ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ከዚህ በታች የተጠቀሱት ዓመታት፣ ወራትና ቀናት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ማጋያኔስ የት ይገኛል?

በደቡብ አሜሪካ ደቡባዊ ጫፍ፣ በቺሊ ውስጥ። ሙሉ መጠሪያው «የማጋያኔስና የቺሊ አንታርክቲካ ክልል» ነው። በሰሜን አይሴን ከተባለው የቺሊ ክልል፣ በምሥራቅ ከአርጀንቲና ጋር ይዋሰናል። ምዕራቡን ፓስፊክ ውቅያኖስ ይመታዋል፤ ደቡቡ የሚያበቃው በኬፕ ሆርን ነው። ከዚያ ወዲያ ያለው እስከ አንታርክቲካ ድረስ ከጥቂት ትንንሽ ደሴቶች በቀር ባሕር ብቻ ነው።

የመሬቱ አቀማመጥ ሁለት መልክ አለው። በምዕራብ በኩል የአንዲስ ተራሮች ወደ ባሕር ሰጥመው በሺዎች በሚቆጠሩ ደሴቶችና ባሕር ሰንጥቆ በገባባቸው ጥልቅ ሸለቆዎች ተበጣጥሰዋል። በምሥራቅ በኩል ደግሞ ዛፍ የማይታይበት፣ ነፋስ የሚጠርገው ደረቅ የሣር ሜዳ ይዘረጋል። በሰሜን ምዕራብ ከዋልታዎች ውጭ ካሉት የዓለም ታላላቅ የበረዶ ክምችቶች አንዱ የሆነው የደቡብ ፓታጎንያ የበረዶ ሜዳ አለ። ዋናውን ምድር ከቲዬራ ዴል ፉዌጎ ደሴት የሚለየው የማጄላን ሰርጥ ክልሉን መሀል ለመሀል አቋርጦት ያልፋል። ደሴቲቱንም ቺሊና አርጀንቲና በአንድ ቀጥ ያለ መስመር ተካፍለዋታል።

ስፋቱ ምን ያህል ነው? አስተዳደሩስ?

አንታርክቲካን ሳይጨምር 132,297 ስኩዌር ኪሎ ሜትር ነው። ከቺሊ ክልሎች ሁሉ ሰፊው ሲሆን የአገሪቱን ቆዳ ስፋት አንድ ስድስተኛ ያህል ይይዛል።

ክልሉ በአራት አውራጃዎች ተከፍሏል፦ ማጋያኔስ፣ ኡልቲማ ኤስፔራንሳ፣ ቲዬራ ዴል ፉዌጎ እና የቺሊ አንታርክቲካ። ዋና ከተሞቻቸው በቅደም ተከተል ፑንታ አሬናስ፣ ፑዌርቶ ናታሌስ፣ ፖርቬኒርና ፑዌርቶ ዊሊያምስ ናቸው። ፑንታ አሬናስ የክልሉም መቀመጫ ናት። ከ2021 ጀምሮ የክልሉን ገዥ የሚመርጠው ነዋሪው ራሱ ነው፤ ከዚያ በፊት የበላይ ኃላፊውን የሚሾመው ሳንቲያጎ ያለው መንግሥት ነበር። ከማዕከሉ ይህን ያህል ለራቀ ሕዝብ ይህ ትልቅ ለውጥ ነው።

ስንት ሰው ይኖርበታል?

በ2017 የሕዝብ ቆጠራ 166,533 ሰው ተመዝግቧል። ይህ ከቺሊ ሕዝብ መቶ እጅ አንዱን እንኳ አይሞላም። በአንድ ስኩዌር ኪሎ ሜትር የሚደርሰው ከአንድ ሰው እምብዛም አይበልጥም።

አማካይ ቁጥሩ ግን እውነተኛውን አሰፋፈር ይሸፍናል። ከአምስት ነዋሪዎች አራቱ ገደማ፣ ማለትም ከ131 ሺህ በላይ ሰዎች፣ የሚኖሩት በፑንታ አሬናስ ነው። ፑዌርቶ ናታሌስና አካባቢዋ 21 ሺህ ያህል ሰዎች አሏቸው። ፖርቬኒር ሰባት ሺህ አትሞላም። ከከተሞቹ ውጭ ያለው ሰፊ ምድር በበግ እርባታ ጣቢያዎች የተያዘ ስለሆነ ጠቅላላ ነዋሪዎቻቸው ከጥቂት መቶዎች የማያልፉ ወረዳዎች አሉ።

ከሳንቲያጎ በመኪና መሄድ ይቻላል?

በቺሊ ምድር ብቻ አይቻልም። ፍዮርድ የሚባሉት ባሕር የገባባቸው ሸለቆዎችና የበረዶ ሜዳው መንገዱን ስለሚዘጉት መኪና ይዞ የሚሄድ ሰው ወደ አርጀንቲና ተሻግሮ፣ በፓታጎንያ ሜዳ ወደ ደቡብ ወርዶ እንደገና ወደ ቺሊ መግባት አለበት። ሁለተኛው አማራጭ ከፑዌርቶ ሞንት ተነስቶ በደሴቶቹ መካከል አልፎ ፑዌርቶ ናታሌስ የሚደርስ መርከብ ነው፤ ጉዞው አራት ቀን ያህል ይፈጃል። አብዛኛው ሰው በአውሮፕላን ይሄዳል፤ ከዋና ከተማዋ እስከ ፑንታ አሬናስ ከሦስት ሰዓት ተኩል የሚበልጥ በረራ አይደለም።

በክልሉ ውስጥም ከቦታ ወደ ቦታ መሄድ ቀላል አይደለም። ወደ ቲዬራ ዴል ፉዌጎ ለመሻገር ድልድይ የለም፤ ሰርጡ በሚጠብበት ቦታ መኪኖችን የሚያሻግር ጀልባ አለ፤ ነፋሱ ሲበረታ እርሱም ይቆማል። ከፑንታ አሬናስ ወደ ፑዌርቶ ዊሊያምስ በመርከብ የሚሄድ ሰው ከአንድ ሙሉ ቀን በላይ በባሕር ላይ ይቆያል። የማጋያኔስ ሰው ስለ ሰሜኑ የአገሩ ክፍል ሲናገር ስለ ሌላ አገር የሚናገር የሚመስለው ለዚህ ነው።

አየሩ እንዴት ነው?

ብዙዎች ከሚገምቱት የለዘበ ነው፤ ባሕሩ ብርዱን ያረግበዋል። የፑንታ አሬናስ ዓመታዊ አማካይ ሙቀት 6 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ ነው። በክረምት፣ ማለትም በሰኔና በሐምሌ፣ ሙቀቱ ወደ ዜሮ ይጠጋል እንጂ እንደ ሳይቤሪያ አያቆላልፍም። በበጋ ደግሞ 15 ዲግሪ የደረሰበት ቀን መልካም ቀን ይባላል። የቀኑ ርዝመትም በእጅጉ ይለዋወጣል፤ በታኅሣሥ ብርሃኑ ወደ አሥራ ሰባት ሰዓት ይጠጋል፣ በሰኔ ግን ከስምንት ሰዓት ያንሳል።

ኑሮን የሚወስነው ነፋሱ ነው። በተለይ በፀደይና በበጋ በሰዓት ከ100 ኪሎ ሜትር በላይ ስለሚነፍስ በፑንታ አሬናስ አደባባይና የመንገድ ማዕዘኖች እግረኞች የሚይዙት ገመድ የሚዘረጋበት ጊዜ አለ። ዛፎቹ ወደ አንድ ወገን አዘንብለው ያድጋሉ። ዝናቡ ደግሞ ከቦታ ቦታ እጅግ ይለያያል። ከተማዋ በዓመት 400 ሚሊ ሜትር ያህል ስታገኝ በምዕራብ ያሉት ደሴቶች ከ4,000 በላይ ይወርድባቸዋል።

ማጄላን እዚያ ምን አደረገ?

በስፔን ንጉሥ ስም የተጓዘው ፖርቱጋላዊው ፈርዲናንድ ማጄላን ከአትላንቲክ ወደ ምዕራብ የሚያሻግር መንገድ ሲፈልግ በጥቅምት 1520 ወደ ሰርጡ ገባ፤ በኅዳር መጨረሻ ወጥቶ ፓስፊክን አገኘ። ሌሊት ሌሊት በደቡብ ዳርቻ የሰዎች እሳት ይታይ ስለነበር ያ ምድር ቲዬራ ዴል ፉዌጎ፣ የእሳት ምድር፣ ተባለ። በዚህ ስም ውስጥ ብዙ ጊዜ የሚዘነጋ ምስክርነት አለ፦ እሳቱን ያነደዱት ሰዎች ያን ጊዜም እዚያው ነበሩ።

ስፔን ሰርጡን ለመቆጣጠር በ1584 በፔድሮ ሳርሚየንቶ ዴ ጋምቦዋ መሪነት ሁለት ሰፈሮችን መሠረተች። ስንቅ የሚያመጣ መርከብ ሳይደርስላቸው ቀረና ሰፋሪዎቹ ጥቂቶች ሲቀሩ በረሃብ አለቁ። በ1587 በዚያ ያለፈው እንግሊዛዊው ቶማስ ካቬንዲሽ ቦታውን የረሃብ ወደብ አለው፤ ዛሬም የሚጠራው በዚሁ ስም ነው። ከዚያ በኋላ ለሁለት መቶ ሃምሳ ዓመታት ያህል አውሮፓውያን ያልፉበት ነበር እንጂ አልሰፈሩበትም።

ቺሊ መቼ ያዘችው?

በመስከረም 21 ቀን 1843። ቺሎዌ በተባለችው ደሴት የተሠራችው «አንኩድ» የተሰኘች ትንሽ የሸራ መርከብ ሃያ ምናምን ሰዎች ጭና መጣችና በሰርጡ ዳር የቺሊን ሰንደቅ ዓላማ ሰቀሉ። በማግስቱ አንድ የፈረንሳይ የጦር መርከብ እዚያው ብቅ አለ። ፈረንሳዮቹ ቀድመው ደርሰው ቢሆን ኖሮ የአካባቢው ታሪክ በሌላ ቋንቋ ሊጻፍ ይችል ነበር።

የመጀመሪያው ምሽግ ፎርት ቡልኔስ ለእርሻም ለከብትም የማይመች ድንጋያማ ኮረብታ ላይ ነበር። ስለዚህ በታኅሣሥ 1848 ሰፈራው ወደ ሰሜን ተዛውሮ ፑንታ አሬናስ ተመሠረተች። መንግሥት ከተማዋን እስረኞችና በዲሲፕሊን የተቀጡ ወታደሮች የሚላኩባት ቦታ አደረጋት። በ1851 ሌተና ካምቢያሶ የመራው አመፅ ገዥውን ገድሎ ሰፈሩን አቃጠለ፤ በ1877 ደግሞ መድፈኞቹ አምፀው ከተማዋን አወደሙ። ሁለት ጊዜ ከአመድ የተነሳች ከተማ ናት።

እንዲህ ያለ ሩቅ ቦታ እንዴት ሀብታም ሆነ?

በመርከብና በበግ። የእንፋሎት መርከቦች ሰርጡን መጠቀም ሲጀምሩ ፑንታ አሬናስ በሁለቱ ውቅያኖሶች መካከል የድንጋይ ከሰልና የስንቅ ማረፊያ ሆነች። በ1870ዎቹ ደግሞ ከፎክላንድ ደሴቶች 300 ያህል በጎች መጥተው ከሰርጡ ደሴቶች በአንዷ ላይ ለሙከራ ተለቀቁ። በጎቹ ብርዱን ቻሉት፣ ሣሩም ተስማማቸው። ከዚያ በኋላ በነበሩት ሠላሳ ዓመታት ሜዳው በሙሉ በሽቦ ታጠረ።

መንግሥት መሬቱን የሰጠው ለጥቂት ሰዎች ነበር። በ1890 ሆሴ ኖጌይራ የተባለ ፖርቱጋላዊ ነጋዴ በቲዬራ ዴል ፉዌጎ ከአንድ ሚሊዮን ሄክታር በላይ በኮንትራት ተቀበለ። እርሱ ከሞተ በኋላ ባለቤቱ ሳራ ብራውንና ወንድሟ ማውሪሲዮ በ1893 «የቲዬራ ዴል ፉዌጎ በዝባዥ ማኅበር» የተባለውን ኩባንያ አቋቋሙ። «መበዝበዝ» በዚያ ዘመን የንግድ ቃል ነበር፤ እኔ ግን ቃሉ ለሠራው ሥራ ተገቢ ሆኖ አገኘዋለሁ። ሱፍና የቀዘቀዘ ሥጋ ወደ እንግሊዝ እየጎረፈ በፑንታ አሬናስ አደባባይ ዙሪያ እስከ ዛሬ የቆሙት ቤተ መንግሥት መሰል ቤቶች ተሠሩ። በ1914 የፓናማ ቦይ ሲከፈት ግን መርከቦቹ ሸሹ፣ ዘመኑም አበቃ።

በጎቹን የሸለቱትና ሥጋውን ያረዱት ከቺሎዌ የመጡ ድሆች ከሀብቱ ብዙ አልደረሳቸውም። በ1919 ፑዌርቶ ናታሌስ ላይ ሠራተኞች ተነሱ። በሐምሌ 1920 ደግሞ በፑንታ አሬናስ የነበረው የሠራተኛ ማኅበሩ ጽሕፈት ቤት ሰዎች ውስጡ እያሉ ተቃጠለ።

ከዚያ በፊት ምድሩ ባዶ ነበር?

አልነበረም። ይህ ጥያቄ በጣም ተደጋግሞ የሚነሳው መልሱ ለረጅም ጊዜ ሆን ተብሎ ስለተደበቀ ነው። በክልሉ ዋሻዎች የተገኙ ቅሪቶች ሰው ከ10,000 ዓመታት በላይ እንደኖረበት ያሳያሉ። አውሮፓውያን ሲመጡ አራት ሕዝቦች ነበሩ። በምሥራቁ ሜዳ አኦኒኬንኮች፣ በቲዬራ ዴል ፉዌጎ ደግሞ ሴልክናሞች ጓናኮ የተባለውን የዱር እንስሳ እያደኑ ይኖሩ ነበር። በምዕራቡ ደሴቶች ካዌስካሮች፣ ከቲዬራ ዴል ፉዌጎ በስተ ደቡብ ባለው የቢግል ቦይ አካባቢ ያጋኖች በታንኳ እየተዘዋወሩ ይኖሩ ነበር፤ በታንኳቸው ውስጥ እሳት አይጠፋም ነበር።

የበግ ኩባንያዎቹ ሜዳውን ሲያጥሩ ጓናኮው ሸሸ፤ የተራቡት ሴልክናሞች በጎቹን ማደን ያዙ። ኩባንያዎቹ የመለሱት በጥይት ነው። ለተገደለ ሰው ማስረጃ ሆኖ በሚቀርብ ጆሮ ክፍያ ይሰጥ እንደነበር የዘመኑ ምስክሮች ተናግረዋል። በ1889 አሥራ አንድ ሴልክናሞች ወደ ፓሪስ ተወስደው ለተመልካች ቀረቡ። በ1895 ከመቶ የሚበልጡ ሰዎች ከደሴታቸው ታፍሰው ወደ ፑንታ አሬናስ መጡና በዘመዶቻቸው ፊት ልጆቻቸው ለከተማው ቤተሰቦች ታደሉ። ድርጊቱ የፍርድ ቤት ምርመራ እስከ ማስከፈት ደርሶ ነበር፤ ዋነኞቹ ባለመሬቶች ግን አልተቀጡም። ከግድያው የተረፉት በዳውሰን ደሴት በካቶሊክ ሚስዮን ተሰበሰቡ፤ በዚያም ሳንባ ነቀርሳ ጨረሳቸው። ሚስዮኑ በ1911 ሲዘጋ የቀሩት ጥቂት ነበሩ። በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ 4,000 ያህል እንደነበሩ የሚገመት ሕዝብ በአንድ ትውልድ ዕድሜ እንዲህ ሆነ። ለዚህ ከዘር ማጥፋት ሌላ ስም አላውቅለትም።

ታዲያ ነባሮቹ ሕዝቦች ጠፍተዋል?

መማሪያ መጻሕፍት ለብዙ ዓመታት «ጠፍተዋል» እያሉ አስተምረዋል፤ ስሕተት ነው። የሴልክናም ተወላጆች ተደራጅተው ለዓመታት ከታገሉ በኋላ በ2023 የቺሊ ሕግ በሕይወት ያለ ነባር ሕዝብ መሆናቸውን አወቀ። ያጋኖች በፑዌርቶ ዊሊያምስ አጠገብ ባለችው ቪያ ኡኪካ፣ ካዌስካሮች ደግሞ በፑዌርቶ ኤደንና በከተሞቹ ይኖራሉ። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ወደ አውሮፓ ተወስደው በዚያው የሞቱ አምስት ካዌስካሮች አፅም በ2010 ከዙሪክ ተመልሶ በአገራቸው ተቀብሯል።

ቋንቋዎቹ ግን ከባድ ጉዳት ደርሶባቸዋል። ያጋንኛን አፍ የፈታችበት የመጨረሻዋ ተናጋሪ ክሪስቲና ካልዴሮን በየካቲት 2022 አረፈች፤ ከእርሷ የተማሩት ልጅና የልጅ ልጅ መዝገበ ቃላቱንና ትምህርቱን ቀጥለዋል። ዛሬ በክልሉ ራሳቸውን ነባር ሕዝብ ነን ከሚሉት መካከል የሚበዙት ከቺሎዌና ከሰሜን የመጡ፣ ማፑቼ የተባለ ሌላ ነባር ሕዝብ ተወላጆች ናቸው።

የዛሬው ሕዝብ ከየት የመጣ ነው?

ትልቁ ድርሻ የቺሎዌ ነው፤ ድንች አብቃዮችና ዓሣ አጥማጆች የሆኑት የዚያች ደሴት ሰዎች ለሸለታ ወቅት እየመጡ ቀስ በቀስ እዚያው ቀሩ። ከአውሮፓ ከመጡት ውስጥ የሚጎሉት ክሮኤሽያውያን ናቸው። ከ1880ዎቹ ጀምሮ፣ በተለይም ከብራች ደሴት፣ መጡ። በመጀመሪያ የሳባቸው በቲዬራ ዴል ፉዌጎ የተገኘው ወርቅ ነበር፤ በኋላ ደግሞ የአገራቸው ጠረፍ የሆነችው የዳልማጥያ የወይን እርሻ በበሽታና በገበያ መውደቅ ሲመታ ብዙዎች ተከተሉ። በ2022 የቺሊ ፕሬዚዳንት የሆኑት ጋብሪኤል ቦሪች የፑንታ አሬናስ ተወላጅና የእነዚህ ስደተኞች ዘር ናቸው። እንግሊዞች፣ ስፔኖች፣ ስዊሶችና ጀርመኖችም መጥተዋል። በቅርብ ዓመታት ከቬኔዝዌላና ከኮሎምቢያ የመጡ ሰዎች ተጨምረዋል።

ነዋሪው በምን ይተዳደራል?

በታኅሣሥ 29 ቀን 1945 ቺሊ የመጀመሪያውን ነዳጅ ዘይት በቲዬራ ዴል ፉዌጎ አገኘች፤ ከዚያ ጀምሮ ዘይትና ጋዝ የክልሉ ምሰሶ ሆኑ። እዚያ ጋዝ የቅንጦት ነገር አይደለም፤ ቤት የሚሞቀው ሌት ተቀን በእርሱ ነው። በጥር 2011 መንግሥት ዋጋውን 16.8 በመቶ ሊጨምር ሲል ነዋሪው መንገዶችን ዘግቶ ክልሉን አቆመው፤ ጭማሪውም ወደ 3 በመቶ ዝቅ አለ።

የበግ እርባታው አለ፤ የሸርጣንና የዓሣ ሥራ አለ፤ የሳልሞን እርባታ አለ፤ ይህኛው ከካዌስካሮች ጋር በባሕሩ ላይ ክርክር አስነስቷል። ቱሪዝም የሚያተኩረው በ1959 በተከለለው የቶሬስ ዴል ፓይኔ ብሔራዊ ፓርክ ላይ ነው። አዲሱ ተስፋ ደግሞ ያው ነፋስ ነው። በ2022 መጨረሻ ከፑንታ አሬናስ አጠገብ ያለ የሙከራ ፋብሪካ በነፋስ ኃይል ከተገኘ ሃይድሮጅን ሰው ሠራሽ ቤንዚን ማምረት ጀመረ። ተስፋው ትልቅ ነው። ይሁን እንጂ ሰፊ መሬት ለጥቂት ኩባንያዎች መስጠት እዚያ ምን እንዳስከተለ የሚያውቅ ሰው ውሎቹን በጥንቃቄ ቢያነብ ይገባዋል።

ቺሊና አርጀንቲና በዚህ ክልል ምክንያት ሊዋጉ ነበር የሚባለው እውነት ነው?

እውነት ነው። የ1881 ስምምነት ሰርጡን በሙሉ ለቺሊ ሰጥቶ ቲዬራ ዴል ፉዌጎን ከፈለ፤ ከቢግል ቦይ በስተ ምሥራቅ ያሉት የፒክተን፣ የሌኖክስና የኑዌቫ ደሴቶች ግን አከራካሪ ሆነው ቀሩ። በ1977 የግልግል ዳኞች ለቺሊ ፈረዱ፤ አርጀንቲና አልቀበልም አለች። በታኅሣሥ 1978 ሁለቱም በወታደራዊ መንግሥት የሚገዙ አገሮች ጦራቸውን አሰልፈው ነበር። ጦርነቱ በመጨረሻው ሰዓት የቀረው ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ዮሐንስ ጳውሎስ 2ኛ ሽምግልና ስለገቡ ነው። በኅዳር 1984 የተፈረመው ውል ደሴቶቹን ለቺሊ አጸና። ቺሊ በድንበሯ የቀበረቻቸውን ፈንጂዎች አውጥታ የጨረሰችው ግን በ2020 ነው። በበረዶ ሜዳው ላይም እስከ ዛሬ መስመር ያልተሰመረበት የድንበር ቁራጭ አለ።

የዓለም ደቡባዊ ከተማ ፑዌርቶ ዊሊያምስ ናት ወይስ ኡሹዋያ?

በኬክሮስ ከሆነ ፑዌርቶ ዊሊያምስ ናት፤ ከአርጀንቲናዋ ኡሹዋያ ትንሽ ወደ ደቡብ ትወርዳለች። ክርክሩ «ከተማ» የሚባለው ምን ያህል ሰው ሲኖረው ነው በሚለው ላይ ነው። በ1953 የባሕር ኃይል ሰፈር ሆና የተቆረቆረችው ፑዌርቶ ዊሊያምስ ነዋሪዎቿ ሁለት ሺህ ያህል ናቸው፤ ቺሊ በ2019 የከተማ ደረጃ ሰጥታታለች። ኡሹዋያ በብዙ አሥር ሺዎች የሚቆጠር ሕዝብ ያላት ትልቅ ከተማ ናት። ብዙ ሕዝብ ካላቸው ከተሞች ደቡባዊዋ ኡሹዋያ፣ ከከተሞች ሁሉ ደቡባዊዋ ፑዌርቶ ዊሊያምስ ቢባል ሁለቱም አይበደሉም።

አንታርክቲካስ በእርግጥ የክልሉ አካል ነው?

በቺሊ ሕግ አዎ፤ በዓለም አቀፍ ደረጃ ግን ጥያቄው ታግዶ ተቀምጧል። ቺሊ በኅዳር 1940 ባወጣችው ድንጋጌ ከ53 እስከ 90 ዲግሪ ምዕራብ ኬንትሮስ ያለውን የአንታርክቲካ ክፍል የእኔ ነው አለች። ይህ ቁራጭ ብሪታንያና አርጀንቲና ከሚጠይቁት ጋር ይደራረባል። ቺሊ ራሷ የፈረመችው የ1959 የአንታርክቲካ ስምምነት የማንንም ጥያቄ ሳይቀበልና ሳይሽር ባለበት አቆመው፤ አህጉሩንም ለሰላማዊ ምርምር ብቻ ክፍት አደረገው።

በተግባር ቦታው በፑዌርቶ ዊሊያምስ በኩል የሚተዳደር ወረዳ ነው። በ1984 በኪንግ ጆርጅ ደሴት ላይ ቪያ ላስ ኤስትሬያስ የተባለች መንደር ተመሥርታለች፤ ወታደሮችና ተመራማሪዎች፣ ለብዙ ዓመታትም ከነቤተሰቦቻቸው፣ ኖረውባታል። የክልሉን ስፋት ከአንድ ሚሊዮን ስኩዌር ኪሎ ሜትር በላይ አድርጎ የሚጽፍ ካርታ ወይም ሰንጠረዥ ያየ ሰው ይህን የይገባኛል ጥያቄ ጨምሮ የተሠራ መሆኑን ይወቅ፤ ስፋትን ከሕዝብ ብዛት ጋር ለማነጻጸር የሚያገለግለው 132,297 የሚለው ቁጥር ነው።